ሳይደርሱ የቀሩት ጋዝ በላዎች

አቶ ሰንበታ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሳሉ፣ አንዲት ወጣት ጭቃ የተሞሉ ጠርሙሶች ታቅፋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አካም ጅርቱ አባባ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ቦንቱ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። ሽማግሌው ዘንድሮ ጭቃም በመኪና መሄድ ጀመረ ወይ ብለው ቀለዱባት።

እሷም ሳትቀየም አስረዳቻቸው። ጭቃው ከፍሳሽ ኩሬ ሥር የወጣ ነው። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ከእበትና ከቆሻሻ የሚወጣውን ሚቴን የተባለ ጋዝ ይበላሉ። አየር በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩት፣ ናይትራይት ከሚባል የናይትሮጅን ውህድ ኦክስጅኑን ራሳቸው እያወጡ ነው።

ሰንበታ ቀልዱ ጠፋባቸው። ልጃቸው ጋዲሳ ከሁለት ወር በፊት ከእበት የማገዶ ጋዝ የሚወጣበት የባዮጋዝ ጉድጓድ ሊጠርግ ገብቶ፣ ጋዙ አፍኖት በዚያው ቀርቷል። የጠራጊዎቹ ልማድ ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ነበር። «አድሯል፣ ግባ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ነገ ደግሞ አማቻቸው ገመዳ ሌላ ጉድጓድ ይገባል፤ ያኛው ከተከፈተ ሦስት ቀኑ ነው።

«በሦስት ቀን በልተው ይጨርሱታል፣ አይደል?» አሉ፣ እንደ መለመን ብለው።

«አይጨርሱትም አባባ። ቁጥራቸው እጥፍ እስኪሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እዚያ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ አሞኒያ ነው፤ አስቀድሞ አየር አግኝቶ ናይትራይት ካልሆነ አይረባቸውም።»

ሰው የኖረበትን ልማድ በአንድ ጊዜ አይተውም፤ ሰንበታም ጋዙ ቀላል ስለሆነ ተንኖ ይወጣል ብለው ተከራከሩ።

«ከላይ ያለው ይወጣል። ዝቃጩ ሲነካ ግን የታመቀው እንደገና ይፈልቃል፤ ሌላ መርዘኛ ጋዝም አብሮት አለ። ማደሩ አያነጻውም።»

«እንግዲያው ልጄን የገደልኩት እኔ ነኛ።»

«አያውቁም ነበር» አለች ቦንቱ። «አሁን ግን ያውቃሉ።»

ሰንበታ ስልካቸውን አውጥተው ለገመዳ ደወሉለት፤ በኦሮምኛም ማንም እንዳይገባ፣ ዝቃጩ ከላይ ሆኖ በፓምፕ እንዲወጣ አዘዙ።

ከዚያ በኋላ ቦንቱ የባክቴሪያዎቹን ጥቅም ዘረዘረችላቸው። ከጉድጓዱ የሚተርፈው ፍሳሽ ግማሹ በቀይ አሸዋ ላይ ሲንጠባጠብ አየሩ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ግማሹ በቀጥታ ሄዶ ከዚያኛው ጋር በተዘጋ ገንዳ ሲገናኝ ባክቴሪያዎቹ ሚቴኑንም ናይትራይቱንም አብረው ይበላሉ። ወደ ሰማይ የሚወጣው ጋዝ ይቀንሳል፣ ወደ ወንዝ የሚሄደውም ውኃ ይጠራል። ይህም ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ሰው አይገባም።

ሰንበታ እንዲህ ያለውን ገንዳ ደጃቸው ላይ ልትሠራ ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ትችላለች፤ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ግን ወራት፣ ምናልባትም ዓመት ይፈጃል።

«እጠብቃለሁ» አሉ። «ለጋዲሳ የጠበቅኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።»