ደራ ደርሶ መልስ

ልጄ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ቤተሰቦቿ ደራ እንደሚኖሩ ስሰማ ደስ አለኝ። ደራ ለእኛ ለአዳማ ሰዎች አፍንጫችን ስር ናት። ሽማግሌ ሁኑልኝ ስላቸው "ጉልበቴ ረጅም መንገድ አይችልም" ያሉኝን ጎረቤቴን ኦቦ ቶላን እንኳ ያሳመንኳቸው፣ "ጠዋት ሄዳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ" ብዬ ነው። ከዚያ ለልጅቷ አባት ደወልኩ።

"ሽማግሌዎቼ ቅዳሜ ጠዋት ተነስተው ይመጣሉ፤ ለምሳ አዳማ ይመለሳሉ" አልኳቸው።

"እመቤቴ፣ ለየትኛው ቀን ምሳ?" አሉኝ።

ለካ የእሳቸው ደራ ጎንደር ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሴት፣ አገሩ ላይ ሌላ ደራ መኖሩን አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኦቦ ቶላ ደወልኩ።

"ኦቦ ቶላ፣ ለቅዳሜ ጋቢ ይያዙ።"

"በዚህ ሙቀት? ለደራ ጋቢ ምን ያደርግልኛል?"

"ይያዙ ግዴለም። ምሳው ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል።"