ወለላ የተባለችው ጎጥ

ደብረ ታቦር ግብርና ጽሕፈት ቤት አብሮኝ የሚሠራ ይበልጣል የሚባል ሰው አለ፤ ካርታዬን ወስዶ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ማለት ምንም አያሳፍረውም። ስንት እንደለፋሁበት እኔ ነኝ የማውቀው! ለሪፖርት ካርታ በጀት የለም ሲሉኝ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አውርጄ፣ ቀለሙን ከእናቴ ቀሚስ ጥለት ቀድቼ ዓይን እንዲስብ አድርጌ ነው የሠራሁት። አንጀቴ ሲያርር በአዲሱ ካርታ ላይ አንዲት የሌለች ጎጥ ጨመርኩ፤ ስሟንም በእናቴ ላም ስም "ወለላ" አልኳት።

ይበልጣል ካርታውን መውሰዱ ሳያንሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ "የወለላ ገበሬዎች በሰጠናቸው ሥልጠና ምርታቸው አድጓል" ብሎ እርፍ! ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ሳለሁ ኃላፊያችን "እሰይ! ነገ ሄደን እንጎበኛቸዋለን። ካርታውን የሠራኸው አንተ ስለሆንክ መንገዱን ምራን" አሉት። ይበልጣል ላብ በላብ ሆኖ "ኧረ ካርታው የእሷ ነው!" አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ።

እኔም በማግስቱ መራኋቸው። የእናቴ በረት ስንደርስ ወለላ ተኝታ ታመሰኳለች። "በል እንግዲህ ይበልጣል" አልኩት፣ "ስለ ሥልጠናው ጠይቃት።"