ክሮሙ፣ ብረቱ እና የመኩሪያ ጉልበት

በእኛ ጊዜ ጥበቃ ማለት ከነማዕረጉ ነበር፤ እንደ ዛሬው ፊሽካ ነፍቶ መኪና ማስቆም አይደለም። እና እኔና ባልደረባዬ መኩሪያ ሽሮ ሜዳ የክር መጋዘን ስንጠብቅ ሁለት ጠመንጃ መጣልን። ታዲያ የአንዱ አፈሙዝ ውስጡ ክሮም ተለብጧል፣ የሌላው ባዶ ብረት ነው። ያመጣው መሣሪያ ጠጋኝ፣ «ክሮሙ ዝናብ ቢገባበት ቶሎ አይዝግም፣ ተኩስም ቶሎ አይበላውም። ብረቱ ትንሽ ይበልጥ ዒላማ ይይዛል፣ ግን በየቀኑ ዘይት ይፈልጋል። ምረጡ» አለን። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጨመሩበት፤ «በየወሩ አፈሙዙን አያለሁ። ዝገት ያገኘሁበት ሰው በዚያው ቀን ይሰናበታል።»

ሌላ እንጀራ የለኝም፤ ቢሆንም ብረቱን መረጥኩ። መኩሪያ ሳቀብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የእንጦጦ ጭጋግ እኮ በራፋችን ድረስ ነው የሚወርደው። ጠመንጃው ቀርቶ አንተም ትዝጋለህ።»

«ዒላማውስ?» አልኩት።

«የምን ዒላማ? ጥይቱ ያለው ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«የሰጡን ቀን እንዳልስት ነዋ።»

ታዲያ እኔ በየቀኑ እፈታለሁ፣ እወለውላለሁ፣ እቀባለሁ። ልብሴ ሁሉ ዘይት ሆነ፤ ሸማኔዎቹ፣ «ጋሼ፣ ነጠላውን እንዳይነኩብን» ይሉኛል። መኩሪያ የእሱን በአቡጀዲ ሽፋን ከቶ ትከሻው ላይ ያንጠለጥላል፣ ከሥራ ሲወጣም ይዞት ቤቱ ይገባል፣ በቃ። አይፈታ፣ አያይ። «ክሮም ነው» ይላል።

እና ክረምት ላይ መኩሪያ ለወገቡ ሕመም እንጦጦ ማርያም ጠበል ተጠመቀ። አንድ ጠዋት ዳገቱን ሳያለከልክ ወጥቶ መጣ። «ትሰማኛለህ፣ ጠመንጃው ቀለለኝ። የልጅነት ጉልበቴን መለሰችልኝ።» እኔም አመንኩ፤ በጠበል ቀልድ የለም። ሄጄ ተጠመቅኩ። የእኔው ግን አልቀለለም። እምነቴ ቢጎድል ነው ብዬ ንስሐ ገባሁ።

ታዲያ የፍተሻው ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ የእኔን አፈሙዝ ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፤ መስተዋት ነው። «ጎበዝ» አሉ። የመኩሪያን ሽፋን ገፈፉ። ባሕር ዛፍ። ልጡ እንኳን በቅጡ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ።

«ጠመንጃውስ?»

«ክሮም ነበር» አለ መኩሪያ።

ሚስቱ አስካለ ተጠርታ መጣች። አንገቷንም አልደፋች። «ለልጅ ልጆቹ ፈርቼ ጠመንጃውን ቤት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እንዳይጨቀጭቀኝ እንጨት ከተትኩለት። ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ከፍቶ የሚያይ መስሎኝ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመጋዘኑ ምን ጠፋ?» አሉን።

«ምንም።»

ታዲያ ሁለቱንም ጠመንጃ ሰብስበው ለሁለታችንም ዱላ አስቆረጡ። መኩሪያ አልተባረረም፤ ዝገት አልተገኘበትማ። እኔ ብቻ ዘይቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልማድ ነውና ዱላውን እየቀባሁ እስከ ጡረታ ደረስኩ። የመኩሪያ ተሰነጠቀ፣ የእኔ ይኸው።

ሰላም፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ «ታዲያ አባባ፣ የትኛው ይሻላል ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«ለዝናብ ክሮም፣ ለዒላማ ብረት፣ ለመጋዘን ይሄ» ብዬ ዱላዬን አቀበልኳት።

ተቀብላ መዘነችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ይከብዳል።»

«ጠበል ሂጂ» አልኳት፣ «ይቀልሻል።»