ከአራት ሠራተኛ አንደኛው

— ሄሎ!... ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ! ቆይ አንዴ፣ አልሰማህም... እናንተ! ግራይንደሩን አጥፉት እስቲ፣ የሽያጭ ሠራተኛችን ነው!... እሺ፣ አሁን ንገረኝ። የትምህርት አማካሪው የመግባት ዕድልህ ስንት ነው አለህ?

— የመጀመሪያው የቢዝነስ ትምህርት ቤት... አሥር ከመቶ። እሱን ተወው። ሁለተኛው?... ሃያ አምስት? ሰውየው ዝናብ ነው እንዴ የሚተነብየው?... ሦስተኛውስ?... ስልሳ! እልልል!... ደግሞ ምን "ግን" አለው?... "የአሠሪህ አስተያየት ጥሩ ከሆነ።" ታዲያ አሠሪህ እኔ አይደለሁ? ስድስት ዓመት በርና መስኮት ስትሸጥልኝ ኖረህ፣ ክፉ ልጽፍብህ?

— የአስተያየት ቅጹን ሞልቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ከእህቴ ልጅ ጋር፣ እሷ እየጻፈችልኝ... ተልኳል አልኩህ!... ምን ብዬ? እውነቱን ነዋ።

— "ከሠራተኞችዎ መካከል ስንተኛ ነው?" ይላል። ከምርጦቹ ከመቶ አምስቱ ውስጥ፣ ከመቶ አሥሩ ውስጥ... ያላችሁኝ አራት! የአራት ሰው አምስት ፐርሰንት ስንት ነው? አንድ እግርህን ልኬ ሌላህን እዚህ ላስቀር?... "ሃያ አምስቱ" የሚለውን ነካሁልህ... አንደኛ ማለት እኮ ነው! ከአራት አንድ!... አትጩህብኝ። "ቁጥር አይዋሽም" የምትለኝ አንተ አይደለህ እንዴ?

— ሌላማ... "ድክመቱ" የሚል አለ። "በሩን ሳይለካ የመጣ ደንበኛ ላይ ይቆጣል" አልኩ... አማካሪው ሳቀ? ጎሽ።

— የመጨረሻዋ አጭር ናት። "ወደፊት መልሰው ይቀጥሩታል?"... "አይ" አልኩ... ሄሎ?... ሄሎ! ትሰማኛለህ?... ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ አድምጠኝ!

— ምንም አላደረግከኝም!... ልጄ፣ ውጭ አገር ያን ሁሉ ተምረህ ስትመለስ ተቀጣሪ ልትሆን ነው? የኔ ጉልበት አልቋል። ወርክሾፑን ላንተ ልተው ከወሰንኩ ቆየሁ። ታዲያ ሰውን በገዛ ቤቱ ተቀጠር ይሉታል?... አልነገርኩህማ። አፌ ላይ እየመጣ ሲመለስ ከረመ... ምክንያት መጻፊያ ቦታ የለውም! "አዎ" እና "አይ" ብቻ!

— ማን? አማካሪው?... ስጠኝማ... ጤና ይስጥልኝ፣ ደህና ነዎት?... አዎ፣ እኔው ነኝ ጉደኛዋ... ምክንያቱን ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል? አሁኑኑ?... እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

— አንቺ! ነይ ቶሎ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺ። ጻፊ፦ "አልቀጥረውም ያልኩት ወንበሬን ልለቅለት ስለሆነ ነው።" በቃ... "ከአክብሮት ጋር" በይበት... ሄደ?

— ሄሎ፣ ተልኳል። አሁን ስንት ከመቶ አለ?... ሰባ አምስት! እሰይ!... ምነው ድምፅህ? ታለቅሳለህ እንዴ፣ ሰው ፊት?... አዎ፣ እኔም እያለቀስኩ ነው፣ ምን ይጠበስ!

— በል ዝጋ... ምን? ካልተቀበሉኝስ?... ካልተቀበሉህማ ሰኞ መጥተህ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ፣ እኔም ካጠገቤ አላጣህም... እንግዲህ የቱን እንደምጸልይ ጠፋኝ። ቻው!