የጫልቱ ነጠላና የዶክተር ገረመው ጋቢ

ባልደረቦቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ። እኔ የኦፕራሲዮን ክፍሏ ነርስ ዘርፌ፣ በዶክተር ገረመው ላይ የያዝኩትን ሁሉ ዛሬ ካልተነፈስኩ፣ ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ናቸውና አላገኛቸውም።

ዶክተር፣ የመጡበት ቀን ትዝ ይልዎታል? በር ላይ ዘበኛችንን ወዳጆን ከፊትም ከኋላም አይተው፣ ጠመንጃውን በሌላው ትከሻ እንዲይዝ አዘዙት። እሱም ሮጦ መጥቶ፣ ጓዶች፣ ተቆጣጣሪ መጥቷል አለን። ቢሮ ስናጸዳ ዋልን። ይኸው እዚያ ተቀምጦ ይስቃል። ለካ የአጥንት ሐኪም ነዎት፤ የሰው ትከሻ ሳያዩ አያልፉም። ሾላ ገበያ አብረን የሄድን ዕለትማ፣ ሽንኩርቱን ትተው የሻጯን ትከሻ ሲመለከቱ ባሏ ሊጣላን ነበር።

ደግሞ ያ መስኮት። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ሲሰሙ ሻይዎን ይዘው ይቆማሉ። ከየረር ተራራ በኩል በአንድ ክንፉ ዘንበል ብሎ ይመጣል፤ ክንፎቹ እኩል ሲሆኑ፣ “ተስተካከለች” ይሉና የቀዘቀዘ ሻይዎን ይጠጣሉ። እኛም ተጋባብን። በክረምት ጉሙ አውሮፕላኑን ሲውጥብን፣ ሁላችንም በልባችን እያስተካከልነው ቆመን እንቀር ነበር።

ጫልቱን እናቷ ከቦሌ ማዶ ካለው የገበሬ መንደር ስታመጣት ግን ቀልዱ ቆመ። አከርካሪዋ ወደ ጎን ጎብጦ አንዱ ትከሻዋ ወርዷል። ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

“ነጠላዬ እንዳይወርድብኝ” አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

በኦፕራሲዮኑ ቀን ብረቱን አስገብተው አከርካሪዋን ቀስ በቀስ ሲያቃኑ ቆዩና፣ ድንገት እጅዎን አነሱ። ገና ቀጥ አላለም አልኩዎት።

“ዘርፌ፣ ጨርሼ ባቃናው ሌላኛው ትከሻዋ ሽቅብ ይወጣባታል። ጀርባዋ ትንሽ ይጉበጥ፤ ነጠላዋ ይረፍላት።”

በደረቷ ተኝታ ሳለች ትከሻዋን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ እስክትቆም መጠበቅ ነበረብን። በእነዚያ ቀናት አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

በጀሶ ታስራ የቆመች ጠዋት፣ እናቷ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ነጠላው እዚያው ቀረ። እናቷ “ገለቶማ” እያለች በኦሮምኛ እያመሰገነች እግርዎ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ፊትዎን አዙረው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። እርስዎ ግን ብዙ ቆሙ።

ዶክተር፣ የሐኪም ሥራ ሁሉን ቀጥ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። የት ላይ እጅን ማንሳት እንደሚገባ ያየሁት ከእርስዎ ነው። አመሰግንዎታለሁ፤ በጣም ነው የምንወድዎት።

እንግዲህ ጠጃችሁን አንሱ። ቆይ፣ ቆይ። ዶክተር፣ ያለበስንዎ ጋቢ፣ መናገር ከጀመርኩ ጀምሮ ከቀኝ ትከሻዎ ሲንሸራተት እያየሁ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ጀርባ ላይ ሲያጎነብሱ፣ የእርስዎን ትከሻ ያየልዎ የለም። ጫልቱ፣ አንቺም ልትሸኚያቸው መጥተሻል፤ ቅርባቸው ነሽ፤ እስቲ ተነሺና መልሺላቸው።

እንዲህ ነው እንጂ። ለዶክተር ገረመው! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጋቢዎ በወረደ ቁጥርም የሚያነሳልዎ አይጥፋ።