ለአቶ አምላኩ እጅ የሚሆነው ሽጉጥ

በአብተው ልጅ ሰርግ ላይ ስለተተኮሰችው ጥይት ሁለት ወሬ ነበረ። የአብተውን ሽጉጥ ተቀብለው የተኮሱት አቶ አምላኩ፣ «ሚዜው ክርኔን ገፍቶኝ ነው» ይላሉ። ከኋላቸው ቆመው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚቱ ደግሞ፣ «ማንም አልነካውም፤ ሽጉጡ ለእጁ አይሆንም» ባይ ናቸው። ጥይቷ ከሙሽራው ራስ በስተግራ በአንድ ስንዝር አልፋ የዳሱን ምሰሶ እንደመታች ግን ሁለቱም ያምናሉ።

በሳምንቱ አቶ አምላኩ ያንኑ ሽጉጥ ከአብተው ሊገዙ ሲገሰግሱ፣ ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሰብለ ጋር ተገጣጠሙ። ሰብለ ፖሊስ ኮሌጅ ጨርሳ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ ናት።

«አያ አምላኩ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፊትዎ በርቷል።»

«ይመስገነው ልጄ። የአብተውን ሽጉጥ ልገዛ ነው፤ ቀበሌውም ፈቅዶልኛል። እሱን የታጠቀ ሰው መንገድ ይለቀቅለታል።»

«እትዬ ማሚቱስ ምን አሉ?»

አቶ አምላኩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እሱ ቤቴ ከገባ የልጅ ልጆቼን ይዤ ፈረስ ቤት ወንድሞቼ ዘንድ እገባለሁ አለች። መቼም ሴት…»

«ፖሊሷም ሴት ናት፣ አያ።»

ሳቁ። አብረውም ወደ አብተው ቤት ሄዱ።

በአገራችን ሽጉጥ የሚመረጠው ሌላ ሰው ወገብ ላይ አምሮ ሲታይ ነው። የሚይዘውን እጅ የሚያስብ ጥቂት ነው።

አብተው ሽጉጡን ሲያመጣ፣ ሰብለ ካዝናውን አውጥታ ባዶነቱን ደጋግማ አየች። «ወደዚያ ገደል አነጣጥረው ይያዙት። ጣትዎ ምላጩ ጋ ይደርሳል?»

አቶ አምላኩ ዘረጉ፤ አልደረሰም። እጃቸውን አዙረው ጣታቸውን አደረሱ። ያኔ አፈሙዙ ወደ ግራ ዞረ። አቶ አምላኩ አዩት። ምሰሶውም በስተግራ ነበር።

«ሚዜው አልገፋኝም» አሉ ቀስ ብለው።

«አያ፣ ጫማ ሲገዙ የሌላ ሰው እግር ይለካሉ? ለመሆኑ የሚፈልጉት ለሰርግ ነው ለቤት?»

«ለቤት እንጂ። የጎረቤታችን የወልደ ገብርኤል በሬዎች በሌባ ከተነዱ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«በሬ ነድቶ ማዶ የተሻገረ ሌባ ላይ ሽጉጥ አይደርስበትም፤ ጎረቤት ነው የሚጠራ። ሽጉጥ በር ሰብሮ ለገባ ነው። ያን ጊዜ፣ በድንጋጤ መካከል፣ ለእጅዎ የሚታዘዝ ያስፈልግዎታል።»

አብተው ሌላ፣ ቀጭንና አጭር ሽጉጥ ነበረው። የቀበሌው ፈቃድ ለእሷም እንደሚያገለግል ሰብለ አረጋገጠች። አቶ አምላኩ ሲጨብጧት እጀታዋ መዳፋቸውን ሞላ፤ ጣታቸውም ሳይጨነቅ ምላጩ ላይ አረፈ።

«እሷማ የሴት ናት» አለ አብተው። «ይህን ታጥቀህ ሰርግ ብትመጣ ሙሽራዋ ትስቅብሃለች።»

«ትሳቅ» አሉ አቶ አምላኩ፤ «ባል ኖሯት ነው የምትስቀው።»

ሰብለ ግን ማሞገስ ብቻ አልወደደችም። «እሷም እንከን አላት፤ ቀላል ስለሆነች ስትተኮስ ትራገጣለች። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያችንን አስፈቅደን ይለማመዱባታል። የሚያውቋትና የምትስማማዎ ከሆነች ካሰቡት ሌላ አይመታም፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ ከተቀመጠች የልጅ ልጆችዎም ያለ ስጋት ያድራሉ፤ እትዬ ማሚቱም ፈረስ ቤት አይሄዱም።»

አቶ አምላኩ ትልቁን ሽጉጥ ለመጨረሻ ጊዜ አዩት። አምሮ ነበር። ከዚያ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አብተው፣ ትንሿን ነው የምወስድ። ሰርግ ላይ ከእንግዲህ አልተኩስም፤ የሳጥኑም ቁልፍ ማሚቱ ዘንድ ያድራል።»