መሞት እንቢ ያሉ ህዋሳት

ሽማግሌው አናጢ የሆስፒታሉን ደረጃ እየወረዱ ሳለ፣ ነጭ ጋዋን ከለበሰች የወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ተመራማሪ ናት። ፊታቸው ልክ አለመሆኑን አይታ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ምን እንደ ገጠማቸው ጠየቀቻቸው።

የመጨረሻ ልጃቸው ሉፐስ የሚባል በሽታ ይዟት መገጣጠሚያዋ ማበጥ ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት የሰውነት መከላከያን እንደሚያረግብ ሲሰሙ ግን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስቋርጠዋታል። ዛሬ ደግሞ ኩላሊቷ መነካቱ ተነገራቸው።

«መከላከያዋን አድክሜ በምን ላድናት?» አሉ። «ባልማርም ይሄ አይጠፋኝም።»

ወጣቷ አልተቆጣችም። በገላችን ውስጥ ሥራቸውን የጨረሱ ህዋሳት በየቀኑ ራሳቸውን በሥርዓት እንደሚያጠፉ፣ ስብርባሪያቸውንም ሌሎች ህዋሳት ውጠው እንደሚያጸዱ አስረዳቻቸው። የገዛ አካልን የሚያጠቁ የመከላከያ ህዋሳትም በዚሁ መንገድ ገና ሳይጠነክሩ ይወገዳሉ። እንደ ልጃቸው ባሉ ሕሙማን ግን ሥርዓቱ ይዛባል፤ መሞት የነበረባቸው ይተርፋሉ፣ የሞቱትም በጊዜ ሳይጸዱ ይቀሩና መከላከያው ስብርባሪውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል።

«ልጄ የጎደላት ሞት ነው ልትዪኝ ነው?»

«በጊዜውና በቦታው የሚሆን ሞት፣ አዎ ጋሼ። ገና እናታችን ሆድ ሳለን በጣቶቻችን መሀል የነበሩት ህዋሳት ባይሞቱ ኖሮ፣ እርስዎም መጋዝ አይጨብጡም ነበር።»

አናጢው ሻካራ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ አዩዋቸው። አርባ ዓመት ሠርተውባቸዋል፤ እንዴት እንደ ተለያዩ ግን ጠይቀው አያውቁም።

«ታዲያ መድኃኒቱ ያድናታል?»

«ከሥሩ ይነቅለዋል ብዬ አልዋሽዎትም። የተሳሳተውን ጥቃት ግን ያበርዳል፤ ኩላሊቷን ሊያተርፍላት ይችላል። ክትትሉን አታቋርጥ፤ ትኩሳት ከያዛትም በዚያው ቀን ያምጧት።»

ሽማግሌው ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሡ። አብረው ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ያጠፉትንም ሳይደብቁ ነገሩት።

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚያቀርቡላት እሳቸው ሆኑ። በስድስተኛው ወር እብጠቱ ጎደለ፣ የሽንት ምርመራዋ ተሻሻለ፣ እሷም ወደ ስፌት ማሽኗ ተመለሰች። ዛሬ አንድ ደንበኛ ስለዚህ ዓይነት መድኃኒት ክፉ ሲያወራ ከሰሙ፣ መላጊያቸውን አስቀምጠው ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ያስረዱታል። ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቁ ደረታቸውን ይነፋሉ።

«የወንድሜ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ይህን ያህል መማር የለባትም ብዬ ከአባቷ ጋር የተሟገትኩት እኔ ነበርኩ። እንኳንም ተሸነፍኩ።»